ፊት የለሹ ሐውልት

በደርግ ዘመን ነው። የአውራጃው አዲስ አስተዳዳሪ ሐውልት ኮምቦልቻ ላይ እንደሚመረቅ ሰምቼ ለዘገባ ከደሴ ወረድኩ። የሥዕል መምህሩ አስፋው ገላውን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍቶ ጥጥ ጠቅጥቆበታል፤ ኮትም አልብሶታል። እጆቹንና ጭንቅላቱን የሠሩለት እትዬ ዘሐራ የተባሉ ከደጋን ከተማ የመጡ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ሆዱ ፍራሽ ይመስላል፤ ቡጢው ግን ሰው ይፈነክታል። ጭንቅላቱ እንደ እንስራ ልሙጥ ነው፤ ዓይንም አፍም የለውም።

ሦስታችን ሐውልቱ በተሠራበት ክፍል ሳለን የአውራጃው ካድሬ ሊመረምር ሲገባ አስፋውን ላብ አጠመቀው።

«መምህር፣ ጓድ አስተዳዳሪን ነው እንዲህ ያደረግካቸው? እስር ቤት ናፈቀህ?»

«ፊት አልሠራም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዘሐራ። «ወላሂ ልጄ፣ ነገ በአኼራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ ‹ፊት ከሠራሽለት በይ ሩሕ፣ ነፍስም ዝሪበት› ብባል ከየት አመጣለሁ? ከፈለግህ አንተው ሥራለት፤ ጭቃው ያውልህ።»

አስፋው ዓይኑን ጨፈነ። ካድሬው ሐውልቱን ዞረው፤ ሆዱንም በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገው። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ እኛ ተመለሰ።

«እንዲሁ ይቁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የበፊቱ አስተዳዳሪ ሐውልት ፊት ነበረው። ሰውየው ከሥልጣን የወረዱ ዕለት በመዶሻ ሳፈርስ የዋልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ግን ሌላ ሰው ሲሾም ኮቱን ብቻ እንቀይርለታለን።»