ከሕክምና ሙከራው የቀረውን ሰው ፍለጋ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሆሞሻ

ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ስነሳ የያዝኩት አንዲት የጀርባ ቦርሳ፣ የደም ግፊት መለኪያና የአንድ ሰው ስም ነበር። በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ሥራዬ በአዲስ መድኃኒት ሙከራ ውስጥ ያሉ ሕሙማንን መከታተል ነው። በሽታቸው ቢ-ሴል ሊምፎማ ይባላል። ከኢንፌክሽን ሊጠብቁን የተፈጠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲባዙ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ያሉ ዕጢዎች ያብጣሉ። ወደ ሙከራው የሚገቡት በመደበኛው ሕክምና ተሽሏቸው በሽታው የተመለሰባቸው ናቸው። አዲሱ መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል። ደም የማድማትና ሰውነትን የማዳከም ጠባይ ስላለው ያለ ምርመራ አይወሰድም።

የምፈልገው ሰው ሃሩን ይባላል። ሆሞሻ አካባቢ ማሽላ የሚያርስ፣ በበጋ ደግሞ ከወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥብ የበርታ ሰው ነው። ክኒኑን ከጀመረ በኋላ የአንገቱ እብጠት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ድንገት ከቀጠሮው ቀረ። ስልኩም ተዘጋ።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ከመሄዴ በፊት ቢሮዋ አስጠራችኝ።

«አስገድደሽ እንድታመጪው አይደለም የምልክሽ» አለችኝ። «ማቋረጥ መብቱ ነው። የራሱ ውሳኔ መሆኑን ግን አረጋግጪ። ያለ ምርመራ እየዋጠ ከሆነ አደጋ ላይ ነው።»

መብቱን አከብራለሁ። ዝምታውን ግን እንደ ውሳኔ ልቆጥረው አልቻልኩም። ፊት ለፊት አግኝቼ ሳልጠይቀው ላልመለስ ለራሴ ቃል ገብቼ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

አሶሳ

በወለጋ በኩል ያለው የመኪና መንገድ ረጅም ነው፤ ሁልጊዜም አያስተማምንም። በአየር ግን ገና ተደላድዬ ሳልቀመጥ ደረስኩ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ወቅቱ የማንጎ ነው። ባጃጁ ወደ ከተማ ሲወስደኝ ከግራም ከቀኝም ማንጎ ተቆልሎ ይሸጣል፤ ከየአጥሩ ሥር የወደቀውንማ ፍየሎች ይበሉታል። ሾፌሩ «ዋጋ የለውም፣ ብሉ ብለን እንለምናለን» አለኝ። አባቱ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሱ አሶሳ ቢወለድም ንግግሩ ዛሬም የወሎ ነው።

ምሳዬን ከገበያው አጠገብ በላሁ፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ። እዚያው ተቀምጬ ዘሃራ ለምትባል የሆሞሻ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወልኩ። ስልኳን ያገኘሁት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው።

«ሃሩንን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ነይ፤ አብረን እንሄዳለን።»

«ደህና ነው?»

«ስትመጪ ታዪዋለሽ።»

ወደ ሆሞሻ

ዓርብ ጠዋት ከመናኸሪያው የሆሞሻ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ከወለጋ የመጡ፣ ጾሬ ስደተኞች ካምፕ አጠገብ ሽንኩርት የሚቸረችሩ እናት ነበሩ።

«ልጄ፣ ካምፑ ውስጥ ነው የምትሠሪው?»

«አይደለም እማማ። አንድ ሕመምተኛ ፍለጋ ነው።»

«ሕመምተኛ ሐኪም ሲፈልግ ነው የማውቀው» አሉ። «ሐኪም ሕመምተኛ ሲፈልግ ገና ዛሬ አየሁ። ያገናኝሽ።» ጾሬ መገንጠያ ላይ ጆንያቸውን አስወርደው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀይ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ የደረቀ ሣርና አልፎ አልፎ የቀርከሃ ቁጥቋጦ።

ዘሃራ ሆሞሻ ላይ ሞተር አስነስታ ጠበቀችኝ። ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ሞተሩ የማያልፍበት ስንደርስ ደረቁን የወንዝ አሸዋ በእግር ተሻገርን።

የሃሩን ቤት

ሚስቱ አሻ ግቢዋ ውስጥ ባሚያ እየቆረጠች ለማድረቅ ታሰጣ ነበር። አማርኛ ስለማትናገር ዘሃራ አስተረጎመችልን። ሃሩን ወርቅ እያጠበ ነው፤ ሰው ተላከበት። ሲመጣ ከሩቅ አረማመዱን አይቼ ደነገጥኩ። ከስቷል። ክንዱ ላይ ሰማያዊ ሰንበር አለ። አንገቱን ስዳብሰው ጠፍቶ የነበረው እብጠት ባቄላ አክሎ ተመልሷል።

«ሲስተር፣ አንተ ነህ?» አለኝ። ሃሩን አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም። «ይህን ሁሉ መንገድ ለኔ መጣህ?»

«ላንተ ነው የመጣሁት። ማቆም ከፈለግህ መብትህ ነው፤ ማንም አይቆጣህም፤ ሌላው ሕክምናህም አይቋረጥም። ምክንያቱን ብትነግረኝ ግን ደስ ይለኛል።»

ዘሃራ በበርታ ደገመችለት። እሱ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አሻ ግን ቢላዋዋን አስቀምጣ ረጅም ነገር ተናገረች። ዘሃራ ሰምታ ወደ እኔ ዞረች።

«ክኒኑን ለሁለት እየተካፈሉት ነው እያለች ነው።»

«ከማን ጋር?»

የመለሰልኝ ራሱ ሃሩን ነው። «ከአደም ጋር። የአሻ ወንድም ነው። አንገቱ እንደኔ አበጠ። የኔ በክኒን ጠፋ፤ የሱ ለምን አይጠፋም? አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«የቀረውን ክኒን ትቆጥራላችሁ። ጎደለ ብላችሁ ታስወጡኛላችሁ። እኔ ከወጣሁ ለሁለታችንም ደዋ የለም፤ መድኃኒት የለም።»

ይህ ሰው የተረዳው ክኒኑ እንደሚያድን ብቻ ነው። ያድን እንደሆነ ገና እየፈተንን መሆኑ አልገባውም። ለዘመዱ የሰጠው ግን የራሱን ዕድሜ ነው።

አደምን አስጠራነው። ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። የአንገቱ ንፍፊቶች እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ አንዱ ቆዳውን አሳስቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ማታ ማታ ላብ እንደሚያጠምቀው ነገረን። ሳይመረመር መናገር ባይቻልም፣ በአገራችን እንዲህ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የዕጢ ቲቢ ነው። ቲቢ ከሆነ ደግሞ የሃሩን ክኒን ሰውነቱን ያደክመዋል እንጂ አያድነውም። ይህን አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ አሶሳ ሆስፒታል ሄዶ እንዲመረመርም ጠየቅኩት።

አደም ራሱን ነቀነቀ። «በክኒኑ እየተሻለኝ ነው። አሶሳ ሄጄ ምን አገኛለሁ?»

ዘሃራ ወደ እሱ ተጠጋች። በበርታ የተናገረችውን ኋላ ላይ ነገረችኝ፦ የቲቢ መድኃኒት በነፃ ሆሞሻ አለ፤ እናቱን ጨምሮ በእጇ ውጠው የዳኑ ሰዎች በዚሁ መንደር አሉ። አደም አሁንም አመነታ። ሃሩን ግን ጎጆ ገብቶ የቀረውን ክኒን ከነዕቃው አመጣና እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚካፈል ክኒን የለም» አለ። «አደም፣ አንተ አሶሳ ካልሄድክ እኔም አዲስ አበባ አልሄድም።»

አደም ጫማውን ሊያመጣ ተነሳ።

ሆስፒታል

በዚያው ቀን ወደ አሶሳ ወረድን። ከአደም አንገት በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የሰማነው በማግስቱ ነው፤ ቲቢ ነበር።

«ካንሰር አይደለም?» ሲል ደጋግሞ ጠየቀኝ።

«አይደለም። ግን ለወራት ሳታቋርጥ ትውጣለህ። ለማንም ሳታካፍል።»

ሃሩን ይህን ሲሰማ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ለዶክተር ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ «እንዳለ ይመዘገባል» አለች። «አንዲትም ነገር አንደብቅም። ደሙን እስክናየው ግን ክኒኑን እንዳይወስድ።»

«ካስወጣችሁትስ?»

«ከወጣም በሌላ ሕክምና እንይዘዋለን። ይህንንም ንገሪው።» ነገርኩት። «እሄዳለሁ» አለ።

መመለስ

ከሃሩን ጋር አዲስ አበባ ገባን። ምርመራው ሲያልቅ ጉዳዩ የሙከራውን ደህንነት ለሚከታተለው ኮሚቴ ቀረበ። ሙሉውን መጠን እንደ አዲስ እንዲጀምር የተፈቀደለት ጥቂት ቆይቶ ነው። ከመጀመሩ በፊት ዶክተር የበርታ ተወላጅ የሆነ አስተርጓሚ ፈልጋ አስመጣች። ስለ ሙከራው ፈቃድ የሚደረገው ውይይት ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሃሩን ድሮ ለሁሉም ነገር «እሺ» ይል ነበር፤ አሁን ግን ጥያቄው አላልቅ አለ።

«ክኒኑ ለኔ ባይሠራስ?»

«በጊዜ እናውቃለን፤ ሌላ ሕክምና እንፈልጋለን» አለችው። «ካንተ የተማርነው ደግሞ ከኋላህ ለሚመጡ ሕመምተኞች ይጠቅማል።»

አስተርጓሚው ጨርሶ እስኪነግረው ጠበቀ። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሲስተር፣ ማካፈል እንዲህ ከሆነ ድሮ አትነግረኝም?» አለ። ከዚያ የፈቃድ ቅጹን ፈረመ።

ይህን ስጽፍ እብጠቱ እየቀነሰ ነው። ድኗል አልልም፤ ቀጣዩ ምርመራ ይነግረናል። አደም መድኃኒቱን ዘሃራ እያየችው ይውጣል፤ ኪሎም ጨምሯል አሉ።

ከጉዞው ቤቴ የገባሁ ዕለት የሆሞሻን ቀይ አቧራ ከጫማዬ እያራገፍኩ አንድ ነገር ወሰንኩ። እኛ አንድን ሕመምተኛ ስንቀበል ስለ ልቡ፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ደሙ እንጠይቃለን። ክኒኑ የሚገባበትን ቤት ግን አንጠይቅም። ሰኞ ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያገኘኋት በሙከራው ላይ ያለች አንዲት እናት ነበረች። ደም ግፊቷን ለክቼ ስጨርስ ጠየቅኳት።

«ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው አለ?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አዎ፣ እህቴ ታማለች» አለችኝ። ወንበሬን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።