ለዘንዶው የጎዘጎዝኩት ቄጠማ

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ከአስቤዛ ዝርዝር በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጽፈው በአፌ ለመናገር ስለዘገየሁ ነው።

አሰላ ቤታቸው የምሠራላቸው ጋሼ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሳሎናቸው ጥግ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ዘንዶ ነበራቸው፤ የዴራ ገበሬዎች ሊገድሉት ሲሉ ለምነው ያመጡት። ቆለኛ ስለሆነ የእኛን ብርድ አይችልም፤ ቀን ከሌት አምፖል ይበራለታል። ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ መቀየር የእኔ ሥራ ነበር። መጀመሪያ እፈራው ነበር። ጋሼ ከመጽሐፋቸው ቀና አይሉም፣ እኔም ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ ስለዚህ እሱን ለመድኩት።

ለእንቁጣጣሽ ጋሼ አዳማ ልጃቸው ጋ ሄዱ። እኔንም አገርሽ በቆጂ ሂጂ ብለውኝ ነበር። ዘንዶውን ማን ያየዋል ብዬ ቀረሁ። እውነቱ ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ የሚጠብቀኝ የለም። በዋዜማው አንድ እቅፍ ቄጠማ ገዛሁ። ለአንድ ሰው ቤት መጎዝጎዝ ግን አሳፈረኝ። ጋዜጣውን አወጣሁና ውሃው ያልተንጠፈጠፈውን ቄጠማ ሁሉ ለዘንዶው ጎዘጎዝኩለት። «እንኳን አደረሰህ» አልኩት። በዚያ በዓል ሌላ ለማንም አላልኩም።

ጋሼ በሳምንቱ ሊመለሱ ሲሉ ቄጠማውን ጥዬ ጋዜጣውን መለስኩ። የሆዱ ቅርፊት ግን ቀልቶ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ጋሼ እንደተመለሱ የጠሩት የእንስሳት ሐኪም አገላብጦ አየው።

«ባክቴሪያ ነው። ርጥበት ላይ ሲተኛ እንዲህ ይሆናል። ውሃ ፈሶበት ነበር?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። አይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው መብራት ጠፍቶ ሳጥኑ ጤዛ ይዞ ይሆናል» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥዬው መሄድ አልነበረብኝም።»

ሐኪሙ እየመጣ መርፌ ይወጋዋል። ጋሼ በየቀኑ ቁስሉን ሲያጥቡ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ልናገር አፌን እከፍትና «ሻይ ላምጣ?» እላለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ በሻይ ልታሰምጪኝ ነው እንዴ?» ይሉኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ስናስገባው ጋሼ አፈሩን እያዩ «እኔ ነኝ የገደልኩህ» አሉት።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ቄጠማውን፣ ዋዜማውን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቤታቸው ያባርሩኛል ብዬ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ነበር። ዶማውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ዘንዶው ከዚያ ወዲህ ተናግረውኝ አያውቁም፤ ያን ጊዜ ያሉኝም ይህን ብቻ ነው፦

«ለራስሽስ ጎዝጉዘሽ ነበር፣ ልጄ?»