የሱወይዲዋ የእሳት እራት

በእኛ ቤት «የት ነው የምትኖሩት?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አለ፤ ባጥሐ። የምንኖረው ሪያድ ውስጥ ሱወይዲ የሚባል ሰፈር ነው፣ መልሱ ግን ባጥሐ ነው። ሱቅ ውስጥ አማርኛችንን ሰምታ «እህቴ፣ ሐበሻ ናችሁ?» ላለች ሴት ባጥሐ። አብሮን ታክሲ ለተጋራ ሰው ባጥሐ። ባጥሐ ካላችሁ ሁለተኛ ጥያቄ አይመጣም። የሪያድ ሐበሻ ሁሉ እዚያ ሄዶ ብር ልኳል፣ አውቶቡስ ጠብቋል፣ ርካሽ ጫማ ተከራክሮ ገዝቷል፤ ስለዚህ ባጥሐ ማለት «እዚሁ ሰው መሀል» እንደማለት ነው። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ፊደል ሳልቆጥር ነው።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እጄ በኋላ የሠራው ስህተት እንዲገባችሁ ነው።

ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ፣ ከደረጃው አምፖል ሥር ደረቅ ቅጠል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ። አልፌው ወረድኩ። ከዚያ ቆምኩ። ቅጠል ግድግዳ ላይ በምን ይለጠፋል? ተመለስኩ። ቅጠሉ ጸጉር አለው!

የእሳት እራት ናት። ግን አምፖል ሥር ከምናያቸው ብናኝ ከመሳሰሉት አይደለችም። ወፍራም ናት፣ ቡናማ፣ ጀርባዋ እንደ ድመት ግልገል የለሰለሰ። የፊት እግሮቿን፣ የሱፍ ካልሲ እንዳደረገ ሕፃን፣ ወደፊት ዘርግታ ተኝታለች። ስማቸውን እወደዋለሁም፣ ያሳዝነኛልም። ገና በሕይወት ያለን ነገር የሌላ እራት ብሎ መጥራት! እሷ ግን የማንም እራት አትመስልም ነበር። እንቅልፏን የምትጨርስ እመቤት ነው የምትመስለው።

«አንቺ ልጅ! ያላ! አውቶቡሱ ጥሎሽ ሊሄድ ነው!» አለች እናቴ ከላይ።

«መጣሁ!» እያልኩ ፎቶ አነሳኋት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ መጠኗም እንዲታወቅ እስክሪብቶዬን አጠገቧ ይዤ።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ያገኘነውን ነፍሳት የምንመዘግብበት መተግበሪያ ስልካችን ላይ አስጭናን ነበር። ፎቶውን ትጭናላችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ትሞላላችሁ፣ ከዚያ የሚያውቁ ሰዎች አይተው ስሙን ያጸድቁላችኋል። እኔ እስከዚያ ቀን ያስመዘገብኩት አንድ ዝንብና የተረገጠ በረሮ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞላሁ። ቦታ የሚለው ጋ ስደርስ ካርታ ወጣ፤ እኔም ምንም ሳላስብ ምልክቱን ጎትቼ ባጥሐ ላይ ተከልኩት። መዋሸቴ እንኳ አልታወቀኝም። ስሜን ስጠየቅ እንደምመልሰው ነው የመለስኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ፣ አንድ ሰው በዐረብኛ መልስ ጻፈልኝ። ከሌሎች ጽሑፎቹ እንደተረዳሁት የዚህን አገር የእሳት እራቶች ሲከታተል ያረጀ ሽማግሌ ነው። «ልጄ፣ ምን ያለሽ ዕድለኛ ነሽ! ይህችን ከከተማው ውጭ፣ ሸለቆዎቹ ውስጥ ነው የምናውቃት፤ ከተማ ውስጥ እምብዛም አትታይም» ይላል። ከሥሩ ረጅም የላቲን ስም ጻፈላት። ስሟን ጮክ ብዬ ሳነብ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ የታመምኩ መስሏት ግንባሬን ነካችኝ።

ግን ጽሑፉ አላለቀም ነበር። «አንድ ነገር ከበደኝ። ባጥሐን አውቀዋለሁ፤ አስፋልትና ሱቅ ነው። ይህች ገና ትል ሳለች የምትበላው የሲድር ወይም የግራር ቅጠል ነው። አጠገባችሁ ሲድር አለ? ከሌለ በዕቃ መኪና ተጭና መጥታ ይሆናል፤ እንደ ከተማዋ ነዋሪ ልመዘግባት አልችልም።»

ሲድር ማለት ቁርቁራ ነው። ቁርቁራ ደግሞ አለን! የጎረቤታችን ቁርቁራ አጥሩን አልፎ ልብስ የምናሰጣበት ጣሪያ ላይ ቅርንጫፉን ይጥላል። «አዎ፣ ባጥሐ ውስጥ ሲድር አለ» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ጣቴ እምቢ አለኝ። እኛ ባጥሐ ስንል ማንም አይጎዳም፤ ያው እኛው ነን። እሷን ግን ከቁርቁራዋ ነጥዬ አስፋልት ላይ ሳስቀምጣት ሌላ ነገር ትሆናለች። ከየት እንደመጣች የማይታወቅ፣ ከመኪና የወረደች። እዚሁ ተወልዳ ሳለ እንግዳ ትባላለች። ይህ ነገር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለራሴ የተባለ ያህል ቆጨኝ። የጻፍኩትን አጠፋሁት። እውነቱን ለመጻፍ ደግሞ የእናቴ ፈቃድ ያስፈልገኛል።

ቤት ስደርስ የደረጃው ግድግዳ ባዶ ነበር። እናቴ ጣሪያው ላይ ልብስ ትሰበስባለች።

«እማ፣ አንድ ሰው የት እንደምንኖር ጠየቀኝ።»

አንሶላው እጇ ላይ ቀረ። «ማነው?»

«አላውቀውም። ስልክ ላይ ነው። ሽማግሌ ነው።»

«የማታውቂው ሽማግሌ ቤትሽን ጠየቀሽ! ባጥሐ አላልሽውም?»

«ብዬው ነበር። አላመነኝም።»

«አላመነሽም?» ባጥሐ ተብሎ ያላመነ ሰው በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም።

«የኛን ቤት አይደለም የፈለገው፣ የሷን ነው። ሊመዘግባት» ብዬ ፎቶውን አሳየኋት።

ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አንሶላውን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ወላሂ ጉድ ነው! እኛ ሳንመዘገብ ስንት ዘመን ኖረን፣ የኔ ልጅ የእሳት እራት ታስመዘግባለች! ከፊሏ ማን ሊሆን ነው፣ አንቺ?»

«ቁርቁራው፤ ትሏ የምትበላው ቅጠሉን ነው» አልኳት።

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ምን እንዳሰበች አውቃለሁ። ትንሽ ሳለሁ የአባቴ ከፊል፣ ማለት በስሙ ያስመጣው አሠሪ፣ መኖሪያ ፈቃዱን አላድስም ብሎት ያለ ኢቃማ የኖርንበት ጊዜ ነበር። ያኔ በር ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን መዝጋት የኔ ሥራ ነበር። አሁን ሌላ ከፊል አለው፣ ኢቃማችንም ጀዋዛት በሚባለው ቢሮ ተሰልፈን ታድሷል። በር ሲንኳኳ ግን እጄ ዛሬም ሪሞቱን ይፈልጋል።

«ትሏ ጸጉራም ናት?» አለች እናቴ በድንገት።

«አዎ፣ ፎቶዋን አይቻለሁ። ምነው?»

«ቅጠሉን ለጸጉሬ ስለቅም አንዷ እጄን ለብልባኛለች። በጫማ ልላት ነበር፣ ሳያት አሳዘነችኝና ተውኳት።» ቅርንጫፉን ስባ ገለበጠችው። ሁለታችንም አንገታችን እስኪያመን ፈለግን። በመጨረሻ ቅርፊት ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ተንቀሳቀሰ። ከእንጨቱ ጋር አንድ ቀለም ሆና፣ ጎንና ጎኗ ላይ ጸጉሯን ዘርግታ ተለጥፋለች። በጩኸቴ የጎረቤት ርግቦች ተነሡ።

«ዝም በይ! ታስደነግጫታለሽ» አለች፣ ቅርንጫፉን እንደያዘች። ፎቶ አነሳሁ።

ከዚያ ቅርንጫፉን ቀስ ብላ ለቀቀችው። «ስሚ» አለችኝ። «ስማችንን አትጽፊ። በራችንን አትጽፊ። ዛፉን ግን… እሱ ምን አደረገ? አምጪው እስቲ ካርታውን።»

ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ከፈትኩላት። ሰፈራችንን ከላይ አይታው አታውቅም። «ይሄ የማን ጣሪያ ነው?»

«የኛ።»

«ይሄ ነጩስ?»

«የውሃ ታንከሩ ነው።»

«አጃኢብ! እዚህ ነን?» አለች፣ ስልኩን ከፀሐዩ በነጠላዋ ጋርዳ። ምልክቱን ከባጥሐ ያነሳችው እሷ ራሷ ናት። እንደሚሰበር ነገር በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ እየጎተተች፣ ሁለቴ አምልጧት እየመለሰች፣ ሱወይዲ አደረሰችው። ጣሪያችን ላይ አላቆመችውም። ትንሽ ወደዚያ ሸሸት አድርጋ ቁርቁራው ላይ አሳረፈችው። «ኸላስ። እዚህ ትኑር።»

በማግስቱ ሽማግሌው «አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። የከተማዋ ነዋሪ ናት፤ እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ አጸደቀልኝ። ሮጬ ለእናቴ ስነግራት «ጀዋዛት ሳትሰለፍ?» አለችና እጄን ይዛ እልል አለች፤ በለሆሳስ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ሰሞኑን ሱቅ ውስጥ አንዲት የአገር ሰው «እህቴ፣ የት ሰፈር ናችሁ?» አለቻት። እናቴ አፏን ከፈተች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ባጥሐ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «በሱወይዲ በኩል።»

ሴትየዋ ግራ ገባት። «ባጥሐ፣ በሱወይዲ በኩል?»

«አዎ እህቴ» አለች እናቴ፣ ፌስታሏን እያነሳች፣ «ቁርቁራ ያለበት ጋ።»