ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ

የአያ ቢያዝን ልጅ፣ የብርጓል፣ ጥጥ ፈታይ ነበረች። ማጓ ከመቅጠኑ የተነሣ በጣት ይዳሰሳል እንጂ በዓይን አይታይም እያሉ ሸማኔዎች ያወሩላት ነበር። እንዝርቷን ስታሾር ታንጎራጉራለች፤ ክሩ ሲረዝም ዜማዋም ይረዝማል፣ ክሩ ሲጠቀለል ድምጿም አብሮ ዝቅ ይላል። ከጎረቤት ግቢ ሆኖ ለሚያዳምጣት፣ የሚፈተለው ጥጡ ይሁን እሷ ራሷ መለየት ያስቸግር ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው። ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያለች፣ የጭነት መኪና ሁሉ አቧራ አልብሷት የሚያልፍ ትንሽ ቦታ ናት። የብርጓል አንድ ጊዜ ተድራ፣ ትዳሩ ሳይሆንላት ቀርቶ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። እናቷ በሕይወት የሉም። አያ ቢያዝን ጆሯቸው ከብዷል፤ ድምፅ ከፍ አድርገው ካላነጋገሯቸው አይሰሙም። የቤቱ ሦስተኛ ነዋሪ ውሻው ነበር፤ ቡላ፣ ደረተ ሰፊ፣ ስሙም አይነኬ።

ያን ጊዜ ሰው ቤት የሚሄድ በር አያንኳኳም። ከአጥሩ ውጭ ይቆምና «ቤቶች፣ ውሻ ያዙልኝ» ብሎ ይጣራል። ከቤተ ሰቡ አንዱ ወጥቶ የውሻውን አንገት አቅፎ ይይዝለታል፤ እንግዳውም ዳር ዳሩን ብሎ ይገባል። በአያ ቢያዝን ቤት ውሻ መያዝ የልጃቸው ሥራ ነበር።

በየገበያው ቀን ከዓባይ ቆላ ጥጥ ጭኖ የሚመጣ ድረስ የሚባል ነጋዴ ነበር። ረጅም፣ ቆጠብ ያለ፣ ሲናገር ከሰው ፊት ይልቅ መሬቱን የሚያይ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት አይነኬ የጋቢውን ጫፍ ዘንጥሎ አስቀርቶበታል። ከዚያ ወዲያ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሳይጣራ አይገባም፤ እሷም እንዝርቷን አስቀምጣ ትወጣለች፤ ውሻውን እቅፍ አድርጋ በግቢው ጌሾ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ታሳልፈዋለች።

ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለችው መንገድ የሁለቱ ነበረች። ቤት ከተገባ በኋላ ወሬው ከአባትየው ጋር ነው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጥጥ፣ ስለ ዓባይ መሙላት። ለብቻቸው የሚነጋገሩት በውሻው ጀርባ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ክረምት ሲያልፍ አይነኬ ድረስን ለምዶት ነበር። መጮኹንም ተወ። እሷ ግን መያዟን አልተወችም፤ እሱም መጣራቱን አልተወም። ከቤት ላሉት አባቷ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አይነኬ፣ ተው፣ ተው እያልኩህ» ብላ ዝም ያለውን ውሻ ትቆጣለች።

«ዛሬም ክፉ ነው?» ይላታል ድረስ።

«ባልይዘው ይበላሃል።»

«ጅራቱን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚወዘውዘው?»

«ሲናደድ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«እንግዲያስ በጣም ተናዶብኛል» ብሎ መሬት መሬቱን እያየ ይስቃል።

የብርጓል የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሽማግሌ እንዲልክባት። አንድ የገበያ ቀን፣ በውሻው ጀርባ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ሰው ልላክ?» ይለኛል ብላ ትጠብቃለች። እሱ ደግሞ ዛሬ እላታለሁ እያለ ከዓባይ ሸለቆ እስከ አፋፉ ቃሉን ሲያዘጋጅ ይመጣል፣ ከጌሾው ሲደርስ ይጠፋበታል። እንዝርቷን ስታዞር ይህን ትል ነበር፦

ደጅ ቆሞ ሲጣራ፣ ሳይጠራ የኔን ስም፣
ውሻውን ያዝኩለት፣ እኔን ያዥ የለኝም።

በዚያ ዓመት በጾሙ መካከል ያበደ ውሻ ከከተማው በታች ካለው ገደል ሽቅብ ወጥቶ ያለው የሚባለውን አናጢ ሴት ልጅ ነከሳት። ጠበል ወሰዷት። በኋላም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ለመርፌ ይዘዋት ሄዱ፣ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። የከተማው ሹም በገበያ መካከል አዋጅ አስነገረ። ውሻ ያለው ሁሉ ይሰር፤ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ከሹሙ ቢሮ ገዝቶ በአንገቱ ያንጠልጥልለት፤ ያልታሰረና ቆርቆሮ የሌለው በተገኘበት ይገደላል። ለዘበኞቹም ባመጡት ጅራት ልክ ይከፈላቸዋል።

የሰፈሩ ዘበኛ ካሴ ጠመንጃውን አንግቶ አዋጁን ሊነግር ወደ አያ ቢያዝን አጥር መጣ።

«አያ ቢያዝን፣ ሰምተዋል መቼም። ውሻውን ይሰሩ።»

«ያሰርኩት ውሻ ለማን ሊጮኽ ነው? ለምሰሶው?»

«ለምሰሶውም ቢሆን ይጩህ። ሰው ከሚነክስ ይሻላል።»

«የኔ ውሻ አጥሬን አልፎ ማንን ነከሰ?»

«እስካሁን ማንንም። የሟቿ አባት ፊት ቆመው ይህንኑ ይበሉት እንግዲህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ላይ የሟቿ አባት፣ አናጢው ራሱ፣ ተናገረ። ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ልጄን የነከሳት ውሻ ባለቤት አልነበረውም» አለ። «ማን ያስረው ነበር? የምታስሩትን ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ለኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ውሻ ግን የማንም አልነበረም።» ጉባኤው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

እውነትም እንዳለው ሆነ። ጅራት የሚፈልግ ዘበኛ እስከ ገደሉ አይወርድም። በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚተኛውን፣ ልጆች የሚጋልቡትን፣ ሲጠሩት ጅራቱን እየቆላ የሚመጣውን ነው የሚተኩሰው፤ እሱ ይቀርባላ። ክፉዎቹ ቆርቆሮ ተገዛላቸው፣ በየግቢው ታሰሩ፣ ታስረውም ይብሱን ከፉ። ቆርቆሮ መግዛት ያልቻለች መበለት ውሻዋን በገዛ እጇ ለዘበኛ ሰጠች። ከከተማው ዳር የተጣለውን ሬሳ የለመደ ጅብ አጥር ለአጥር መሄድ ጀመረ። በመስከረም ደግሞ ሌላ ያበደ ውሻ ያው ከገደሉ መጥቶ የሹሙን በቅሎ ነከሰ።

ድረስ አዋጁን የሰማው በደጀን ነው። ያን ሌሊት ጥጡን ሳይሆን አይነኬን እያሰበ አደረ፤ ያ ውሻ ከሞተ እሷ ለምን ወደ ደጅ ትወጣለች? ከመኪና ረዳቶች አንድ ጠንካራ ሰንሰለት ገዛ፣ ከቆዳ ማነቂያ ጋር በሪቬት፣ በማይነቀል ሚስማር፣ አስመታው፤ ከሹሙ ቢሮ ጎራ ብሎም ቆርቆሮውን ገዝቶ በማነቂያው ላይ አንጠለጠለው። በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ነበር፤ መናገር ያቃተው ሰው በብረት የተናገረው። ሲያስረክብ ግን ያለው «ከእንግዲህ መያዝ አያስፈልግሽም» ብቻ ነው።

እሷ የሰማችው ሌላ ነበር። መያዜ ሰለቸው፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት ፈልጓል አለች በልቧ። አባቷ ግን ደስ አላቸው፤ ሰንሰለቱን ጎተት ጎተት አድርገው ድረስን መረቁት።

በሚቀጥለው ገበያ ድረስ መጣ። አይነኬ በምሰሶው ሥር ታስሯል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ የታሰረ ውሻ ያዙልኝ ማለት እፍረት መሰለውና ገባ። በጌሾው መካከል ብቻውን ሄደ። እሷም ካልተጠራች ምን ብላ ትውጣ፤ ከቤት ሆና እርምጃውን ሰማች። ሲገባ «እንደምን ዋልሽ» አላት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ከዚያ ስለ ዝናብና ስለ ጥጥ ወሬ ሆነ። እሱ፣ አልወጣችም፣ እንግዲህ ልቧ ሌላ ጋ ነው ብሎ ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ገበያ አለፈ፤ መንገዷ ሣር በቀለባት፣ ሁለቱም በየልባቸው ተቀየሙ።

ሰው ናፍቆ መቻል አለ፤ ሰው ከፊት ተቀምጦ እየናፈቁት መቻል ግን ለየብርጓል አልሆነላትም። አንድ የገበያ ጠዋት አባቷ በጓሮ ሳሉ ወደ ምሰሶው ሄደች። ቢፈታ ይጣራ ይሆናል፣ ቢጣራ እወጣለሁ ብላ ነው። ሰንሰለቱ ከማነቂያው ጋር በሪቬት የተመታ ስለሆነ ማነቂያውን ከነቆርቆሮው ከአንገቱ አወለቀችው።

አይነኬ ግን ደጅ አልጠበቀም። ያን ሁሉ ገበያ ታስሮ ያሸተተውን ሰው ፍለጋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ፤ ከአውራ ጎዳናው ድልድይ አጠገብ አገኘው። እየዘለለ እጁን ሲልስ ካሴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር።

«የሰው ነው፣ ባለቤት አለው» አለ ድረስ እጁን ዘርግቶ።

«ቆርቆሮው የታለ?»

«አለው። እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

«የታለ አልኩህ እኮ» አለና ተኮሰ።

ካሴ ለጅራቱ ጩቤውን ሲመዝ ድረስ የውሻውን ሬሳ በጋቢው ጠቅልሎ ተሸክሞት ተነሣ። ዘበኛው ፊቱን አይቶ ጩቤውን መለሰ፤ ሥራውን ለማስረዳትም ከኋላው ተከተለው።

አያ ቢያዝን ጋቢው ሲገለጥ አዩ። ቁጭ አሉ። «ማን ፈታው? ምን ሊሠራ መንገድ ወጣ?» አሉ።

ካሴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገራቸው፤ «ይህን ሰው ሊቀበል ነዋ፣ አያ ቢያዝን። እጁን ይልሰው ነበር። እኔ የእሱ መስሎኝ ነበር።»

«አይነኬ? አይነኬ ባዳ ይልሳል?»

በእኛ አገር ውሻ የሚያለማምድ ባዳ ማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ቀን እየመጣ የሚያበላ፣ ሌሊት የሚመለስ ሌባ ነው። አዛውንቱ ይህን እያሰቡ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ሰው፣ ውሻዬን ምን አበላኸው?»

የብርጓል ከደጃፉ ቆማለች። እኔ ነኝ ያለማመድኩት፣ በክንዴ አቅፌ፣ በየገበያው፣ ወድጄ ማለት ነበረባት። ዘበኛ ፊት፣ አባት ፊት፣ አንድ ጊዜ ተፋታ የተመለሰች ሴት እንዲህ ብላ ብትናገር ነገ ከተማው ምን እንደሚል፣ ድረስ አውቆታል። ቀና ብሎ አያት። ወደዚህ ቤት መምጣት ከጀመረ ወዲህ መሬቱን ትቶ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«ዳቦ» አለ ወደ አባትየው ዞሮ፣ ጮክ ብሎ። «በመጣሁ ቁጥር ዳቦ አበላው ነበር።»

«ለምን?»

«እንዳይነክሰኝ።»

«ልጄ ትይዝልህ አልነበረም ወይ?»

«ትይዝልኝ ነበር። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ።»

ጎጃሜ ወንድ በሰው ፊት ፈሪ ነኝ ሲል ካሴ እንኳ አቀርቅሮ ቆመ። አያ ቢያዝን በበትራቸው በሩን አመለከቱት። «ጥጥህን ሌላ ቦታ ሽጥ» አሉት። ድረስ ጋቢውን ለውሻው ትቶለት ወጣ።

ውሻው ከተቀበረ በኋላ ብዙ ቀን አለፈ። የብርጓል ፈትሏን ታነሣለች፣ ክሩ ይበጠስባታል፤ ከዚያ በፊት ተበጥሶባት አያውቅም። አንድ ማለዳ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ሳሉ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ፣ «አባዬ፣ ያ ሰው ዳቦ አላበላውም» አለቻቸው። «እኔ ነኝ ማነቂያውን ያወለቅኩት። ውሻውም ከለመደው ቆይቷል፤ ዝም ብዬ ነበር የምይዘው።»

«ስትቆጪው እሰማ ነበር እኮ» አሉ አዛውንቱ።

«ለርስዎ እንዲሰማ ነው።»

«እና ያ ሰው ፈሪ ነኝ ያለው…» ብለው አልጨረሱትም። በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

በጭነት መኪና ደጀን ወረዱ። ማታ ሲመለሱ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። ከጥጥ ነጋዴዎቹ ጠይቀው፣ ድረስ በቅሎውን ሸጦ ዓባይን ተሻገረ፣ ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተናገረም ተብለው ነው የመጡት። ለልጃቸው ሲነግሩ ጮክ ብለው ነበር፣ እሷም መስማት እንደሚያስቸግራት ሁሉ።

ቆላ ወረደ አሉ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣
እንዝርቱ ይዞራል፣ ልቤ ቆሟል ታስሮ።

ይህን ግጥም ከእሷ አፍ የሰማነው በዚያ ሰሞን ነው። ሸማኔዎች ማጓ ወፈረ ይሉ ጀመር። ከአዋጁ በፊት በየአጥሩ ይሰማ የነበረው ጥሪም ከከተማችን እየጠፋ ሄደ፤ እንግዳ በዝምታ መጥቶ በዝምታ ይገባል። ሹም ተሻረ፣ ሹም ተሾመ፤ ከገደሉ የሚመጣው ውሻ ግን ዓመት እየጠበቀ ይመጣል።

የብርጓል ግን በየገበያው ቀን ጥጥ ተራ ትወርዳለች። አባቷ መጀመሪያ ቤት ይቀሩ ነበር። በኋላ አንድ ጠዋት ነጠላዋን ስትለብስ በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ወዴት ነው፣ አባዬ?»

«ካንቺ ጋር። መልኩን እኔም አውቀዋለሁ።»

በዚያ ቀን ሁለቱ ከቆላ የመጡትን ነጋዴዎች ከተራው ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ አዩ። ከአንዱ ዘንድ ሲደርሱ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ፊቱን ትክ ብለው ያዩታል፣ ወደ ልጃቸው ቀና ይላሉ፤ እሷ አይደለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።