ቀይ ነጥብ ያለበት ካሴት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቀባ ሽታው ደረሰኝ። ለሌላው ሰው የሰርግ ሽታ ይሆናል። ለእኔ ግን ሮቤ የነበረችው የአባቴ ሱቅና የጎሮ መንገድ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ፊልም አከፋፋይ ነበር። አከፋፋይ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ያለው ሁለት ዴክ፣ አንድ ቴሌቪዥንና ግድግዳውን የሞሉ ካሴቶች ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው ፊልም መጀመሪያ ሮቤ ይከራያል፤ ከዚያ ጎባ፣ ቀጥሎም አጋርፋ ይዞራል። ክሩ ሲደክም መጨረሻው ጎሮ ነው። እዚያ ቪዲዮ ቤት ያለው ረሺድ ለገበያተኛው ካሳየው በኋላ የኳስ ጨዋታ ይቀዳበታል። የወረቀት ምልክት በተከራይ እጅ ስለሚላጥ፣ አባቴ ካሴቶቹን የሚለየው በጥፍር ቀለም ነበር። ቀይ ነጥብ ያለበት ጎሮ ሄዶ የሚጠፋ ነው።

አንድ ክረምት ጎረቤታችን አዴ ሙሚና ሻጋታ የያዘውን የልጃቸውን የሰርግ ካሴት አምጥተው እንዲያጸዳላቸው ሰጡት። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም። ድምፃቸው የቀረው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነበር፣ ልጃቸውን መርቀው ሲሸኙ። አባቴ ክሩን በጥጥ ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አዴ ሙሚና ሊወስዱት ሲመጡ ካሴቱ የለም። አባቴ መደርደሪያውን ሁሉ አወረደ። ምልክት አለው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ሙሽራዋ ከሌላ እንዳይቀላቀልባት ጀርባው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነክታበት እንደነበር ነገሩት። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። የጎሮውን ካርቶን መብራት በጠፋበት ሰዓት በሻማ፣ ነጥቡን ብቻ እያየ ሞልቶ ልኮታል።

አዴ ሙሚና አልጮኹም። ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ "ከድር ልጄ፣ ድምፁን አምጣልኝ" ብለው ወጡ። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

አባቴ ቴሌ ሄዶ ቢደውል የጎሮ መስመር በዝናቡ ተቋርጧል። በማግስቱ የጎሮ ገበያ ነበርና እኔን ይዞ ተነሣ። ብቻውን መሄድ የፈራ ይመስለኛል። ሚኒባሱ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ፣ ሰው ለመጫን በየስንዴው ማሳ ጥግ ይቆማል። በቆመ ቁጥር ለእኔ የሚታየኝ የረሺድ ጣት ነው። መቅጃዋ ቁልፍ የቷ እንደሆነች አውቃለሁ፤ እሷም ቀይ ነች። አባቴ አውራ ጣቱን ያሻል።

ጎሮ ደርሰን ቪዲዮ ቤቱን ስንጠጋ የወትሮው የቡጢና የጩኸት ድምፅ የለም። አባቴ በሩ ላይ ቀጥ አለ። ከውስጥ ዝግ ያለ የሽማግሌ ድምፅ "ራቢ ሃ ኤቢሱ" አለ፣ ፈጣሪ ይባርክ ማለት ነው። ቤቱ በሙሉ "አሚን" ብሎ መለሰ። ገባን። ካራቴ ሊያይ የመጣው ገበሬ ሁሉ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ መዳፉን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቷል።

"አቦ ከድር፣ ካራቴ ብለህ ሰርግ ትልክብኛለህ?" አለ ረሺድ በሹክሹክታ። "መጀመሪያ ሊደበድቡኝ ነበር። ካሴቱ ላይ ሽማግሌው መመረቅ ሲጀምሩ ሁሉም ዝም አሉ። አሁን ደግሞ ድገምልን እያሉኝ ነው።"

"አልቀዳህበትም?"

"ወላሂ፣ በምን እጄ?"

አባቴ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እሱም መዳፉን ዘረጋ። ምርቃቱ እስኪያልቅ ካሴቱን አውጣልኝ አላለም።

ዛሬ ሱቁ ሞባይል ይጠገንበታል። አዴ ሙሚናም የሉም። የሰርጉን ካሴት ወደ ፍላሽ ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ቢጠፋስ እያልኩ ኮምፒውተርና ሚሞሪ ላይ ደግሞ አስቀምጫለሁ፤ ያም ሆኖ አንዳንዴ ተነሥቼ መኖሩን አያለሁ። ለልጆቻቸው በቴሌግራም ስልክላቸው የተዘረጉ የሁለት እጆች ሥዕል ይመልሱልኛል። ደስ ይለኛል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሽማግሌው መርቀው ዝም የሚሉባት ቦታ ላይ እጠብቃለሁ። የሰርገኛው አሚን ይሰማል፤ የጎሮው የለም። ያን ማንም አልቀዳውም።