ከግድግዳው ላይ ያነሳሁት ክር

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ፊታቸው ቆሜ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ፤ ይህችን ግን እየዘለልኩ ይኸው ስንት ፍልሰታ አለፈ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። ልታዝኑልኝ የምትቸኩሉ ከሆነ እዚሁ ላይ ተዉት፣ አታንብቡ።

እኔ ከግድግዳ ላይ አንድ ቀይ ክር አንስቻለሁ። በደሌ ይኸው ነው።

ጎንደር ውስጥ ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ድርጅት የቡድን መሪ ነኝ። ያን ጊዜ ሦስት ቡድኖች ሆነን አንድ ሥራ ይዘን ነበር። በገጠር ጤና ኬላ የምትሠራ ባለሙያ ምጥ የጠናባት እናት ስትገጥማት በስልኳ መልእክት ትልካለች፤ መልእክቱ ሆስፒታል ይደርሳል፤ አምቡላንስ ይነሳል። በስልኩ ላይ የሚታየውን የሚሠራው ትዕግሥት የምትባል ልጅ የምትመራው ቡድን ነበር። መልእክቱን ከስልክ ተቀብሎ የሚያደርሰውን የምንሠራው እኛ ነን። የሆስፒታሉን በኩል የያዘው ሦስተኛው ቡድን ነው። ክረምት ገብቶ መንገድ ሳይበላሽ፣ ግንቦት ላይ፣ የሦስታችንም ሥራ በአንድ ቀን መውጣት ነበረበት። ያንን ቀን እኛ ሪሊዝ እንለዋለን።

ሦስት ቡድን አንድ ቀን ላይ እንዲገናኝ አብሮ ማቀድ አለበት። የአዳራሹን ግድግዳ በወረቀት ሸፍነን፣ ለየቡድኑ አንድ መስመር፣ ለየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓምድ አሰመርን። እያንዳንዱ ሥራ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በሚያልቅበት ሳምንት ላይ ይለጠፋል። አንዱ ቡድን የሌላውን ሥራ የሚጠብቅ ከሆነ ከወረቀት ወደ ወረቀት ቀይ ክር ይወጠራል። ይህን አሠራር ለሁሉም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ክር አትፍሩ፤ የሚያጠፋን የተደበቀ ክር ነው» ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ማስታወስ ዛሬም ያበግነኛል።

ትዕግሥት ከወጠረቻቸው ክሮች አንዱ ወደ እኛ መስመር ይመጣ ነበር። ደጋው ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ሲቆረጥ መልእክቱን ይዞ ቆይቶ ደጋግሞ የሚልከውን ክፍል የምንሠራው እኛ ነበርን። የእሷ ስልክ «ተልኳል» ብሎ ቢጽፍ እውነት የሚሆነው ያ ክፍል ካለ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያ ክፍል ለግንቦት እንደማይደርስ አውቅ ነበር። ቡድኔ ያሉት ልጆች ሳይደብቁ ነግረውኛል።

በዕቅዱ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ለምሳ ወጣ። ከሰዓት ሥራውን የሰጡን እንግዶች መጥተው ግድግዳውን ሊያዩ ነው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የእኛን ወረቀት አንስቼ ከሪሊዙ በኋላ ባለው ዓምድ ላይ፣ ብዙ ወረቀት በታጨቀበት ቦታ ለጠፍኩት። ያን ጊዜ ክሩ ወደኋላ ዞረ፤ ቀድሞ መድረስ የነበረበት ሥራ ተከታይ ሆነ። ወደኋላ የዞረ ክር ከበር ላይ ሆኖ ይታያል፤ ዕቅዱ እንደማይሆን ለማንም ይናገራል። ስለዚህ ክሩን አነሳሁት። ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ለምን? ማን ይቆጣኝ ነበር? ሥራ አስኪያጁ ገና በጧቱ «ያልደረሰ ካለ ንገሩኝ፣ ቀኑን እንገፋለን» ብሏል። ማንም አላስገደደኝም። ግን ከሁሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ፣ ጋሼ የሚባለው እኔ ነኝ፤ በእንግዳ ፊት «አልደረስኩም» ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ነው ብዬ ላለሳልሰው እችላለሁ። ኩራት ነው፤ ቆሻሻ ኩራት።

ትዕግሥት ከምሳ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የኔ ክር የት ሄደ?» አለችኝ።

«ያ ሥራ አልቋል፤ ያለቀ ሥራ ክር ምን ያደርግለታል?»

«ልየው እንዴ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት አሳይሻለሁ» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸሁት።

ዕቅድ ሲዘጋ ሁሉም በጣቱ ይመሰክራል። አምስት ጣት ያወጣ ሙሉ በሙሉ አምኗል፤ ሁለት ያወጣ አላመነም፣ ምክንያቱን ይጠየቃል። ሁሉም እጁን በአንድ ጊዜ እንዲያወጣ ነበር ደንቡ። እኛ ዘንድ ግን ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ አይቀድምም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩልን» ተባልኩ፣ ጀመርኩ። አምስት። ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ አምስት ሆነ። ማን ከእኔ ያነሰ ያወጣል?

ትዕግሥት ሁለት አወጣች።

ምክንያቷን ሲጠይቋት ስሜን አላነሳችም። «ያላየሁት አንድ ነገር አለ» ብቻ አለች። ስሜን ያላነሳችው ስላከበረችኝ ነው፤ ለዚህ ሥራ ያጨኋት፣ ለአባቷም «አደራዬ ናት» ያልኩት እኔ ነበርኩ። እና እኔ ክሩ ኪሴ ውስጥ እያለ ምን አልኩ? «ምነው ልጄ፣ የኛ ቃል አልበቃሽም?» አልኩ፣ እየሳቅሁ። ሰዉ ሳቀ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ አምስት ሞሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያ ሳምንት ሌላ ሳምንት ወለደ። በጠየቀችኝ ቁጥር አንድ ሰበብ ነበረኝ። ቡድኔ ያሉት ልጆች ሥራው በስምምነት የተገፋ መስሏቸው አልጠየቁም። ከተማ ውስጥ ስንሞክረው ኔትወርክ ስለማይቆረጥ ሁሉም ሰላም ነበር። ግንቦት ላይ ወጣ። ክረምቱ ሳይከብድ እጨርሰዋለሁ እያልኩ ራሴን አሞኘሁ።

ሐምሌ ላይ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት ጤና ኬላ መጣች። ባለሙያዋ መልእክቱን ላከች። ስልኩ «ተልኳል» አለ። አልተላከም ነበር። ኔትወርኩ ሲቆረጥ መልእክቱ እዚያው ጠፋ። ከረፋድ እስከ አመሻሽ አምቡላንስ ሲጠብቁ ቆይተው በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ምን እንደተፈጠረ አጣርተህ ና ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ። እስቲ አስቡት፣ እኔ! ባልየው ከጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አያ፣ ስልኩ ተልኳል ይላል አለችን» አለኝ። «ተልኳል ካለማ ይመጣል ብለን ተቀመጥነ። ባይል ኖሮ በጧቱ ተሸክመን እንወርድ ነበር።» ከዚያም፣ «ሸጋ ልጅ ነበር፤ ጠጉሩ ሙሉ» አለ።

እግዜር ያጥናህ አልኩት። ይህ አፍ ያንን ቃል ተናገረ።

ጎንደር ስመለስ ስብሰባ ተጠራ። የግድግዳው ፎቶ ቀረበ፤ ከምሳ በኋላ የተነሳው። በፎቶው ላይ የእኛ ሥራ ከሪሊዙ በኋላ ተለጥፏል፤ ክር የለም፤ በቃለ ጉባኤውም ሁሉም አምስት ጣት አውጥቷል። ታዲያ ሳይደርስ «ተልኳል» ያለው የማን ስልክ ነው? የትዕግሥት። ተነሥታ፣ «ክር ነበረ» አለች። «ጋሼ አልቋል ብለውኝ ነው፤ እሳቸውን ጠይቋቸው።»

ጠየቁኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

ክሩን ማንሳቴን በፍርሃት፣ በኩራት፣ በመቸኮል ልታመካኙልኝ ትችሉ ይሆናል። ይህችን ቃል ግን በምን ታመካኟታላችሁ? የሞተው ሕፃን ስሙ ሳይወጣለት በሞተበት ሰሞን ነው የተናገርኳት። ትዕግሥት አንድ ጊዜ አየችኝና ተቀመጠች። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተች፤ የስንብት ደብዳቤዋ ላይ የተጻፈው ምክንያት በጥንቃቄ ጉድለት ለሕይወት መጥፋት ምክንያት መሆን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀጥራት አላገኘችም።

አሁን አይከል፣ ወላጆቿ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ዘንድሮ ልነግራት ሄጄ ነበር። ወንበር አቀረበችልኝ። ልጆቼን በስም በስማቸው ጠየቀችኝ። ከዚያ አጎንብሳ ወረቀት እያስተካከለች፣ «ጋሼ፣ አንዳንዴ ያ ክር በሕልሜ ነው እንዴ የነበረው እላለሁ» አለችኝ። የራሷን ዓይን እንዳታምን ያደረግኋት እኔ ነኝ። እና ምን መለስኩላት? አንድ የማያስፈልገኝን ወረቀት ኮፒ አስነሳሁና ወጣሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ ይበዛበታል?

የፊታችን ሰኞ ለአዲስ ሥራ እንደገና እናቅዳለን። እንደገና «ጋሼ፣ ይጀምሩልን» ይሉኛል። በጣት ፈንታ ይህን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ፤ ስንብቷ ላይ ያለው ስም ተፍቆ የእኔ እስኪጻፍበትም ከአዳራሹ አልወጣም። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ አይከል እሄዳለሁ፤ ቀድማ መስማት ያለባት እሷ ናት። ወደ ደጋውም እወጣለሁ፤ ያ ሰው የጠበቀው አምቡላንስ በማን ምክንያት እንደቀረ ከእኔ አፍ ይስማ። ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር በሉኝ ብል እሷ በደግነቷ እሺ ትለኛለች፤ እኔም እሺታዋን ይዤ ደኅና እተኛለሁ። እንድተኛ አልፈልግም።

ትዕግሥት፣ በሕልምሽ አይደለም። ክር ነበረ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።