ለልጅ ጠባቂዋ ለቻይነሽ በጽዋ የተገባ ቃል

ፈንጣጣ ደጋ ዳሞት በገባበት ዘመን ቻይነሽ የወተት ጥርሷን ገና አልጨረሰችም ነበር። የተወለደችው ከፈረስ ቤት ፈንጠር ብላ በምትገኝ መንደር ነው። በሽታው በመጀመሪያ እናቷን ያዘ፤ ሳይውል ሳያድር እሷንና ታናሽ ወንድሟን ጨመረ። በአገሩ ደንብ ፈንጣጣ የያዘው ሰው ከመንደር ወጥቶ ማሳ ዳር ጎጆ ይቀለስለታል፤ የሚያስታምመውም ቀደም ብሎ ወጥቶበት የዳነ ሰው ነው። ለእነሱ የተገኘችው የአባቷ እህት አደይ ነበረች። አደይ የበሽተኞቹን ጣባ ከሌላ ዕቃ አትቀላቅልም፤ ወደ መንደር ስትመለስ የለበሰችውን ደጃፍ ላይ አውልቃ ሌላ ትለብሳለች። እናትየዋ እዚያው ጎጆ ውስጥ አረፈች። ወንድሟም ተከተላት። ቻይነሽ ግንባሯና ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ይዛ ወጣች።

እኔ ያወቅኋት ብዙ ቆይቶ፣ ጋሪ ነጂውን ቸኮለን አግብታ ፍኖተ ሰላም ከገባች በኋላ ነው። አጥር እንጋራለን። ባሏ ሲሞት አንዲት ልጇ ማሚቱ ብቻ ቀረቻት። ቤቷ ከገበያው ብዙም አይርቅም። ሴቶቹ ሽንኩርትና በርበሬ ሲሸጡ ልጆቻቸው ፀሐይ ላይ ሲንገላቱ ታያለች። አንድ ቀን አንዷን ሕፃን «እስክትጨርሺ እኔ ጋ ትተኛ» አለች። በማግስቱ ሁለት መጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ የገበያተኛው፣ የሆቴል ሠራተኛዋ፣ የቢሮ ጽዳቷ ልጅ ሁሉ ቻይነሽ ቤት ይውል ጀመር። ለቤቱ ስም ያወጣለት የለም። «ልጁ የት ነው?» ሲባል «ቻይነሽ ቤት» ነው መልሱ።

ደንቧ ጥብቅ ነበር። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ተሰቅሏል፤ ልጅም እናትም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አያልፍም። እያንዳንዱ ልጅ እጀታው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር የታሰረበት የራሱ ኩባያ አለው። መስኮቱ በክረምትም ቢሆን ይከፈታል። ትኩሳት የነካው፣ የሚያስለው፣ ሆዱ የተበላሸ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«የእርስዎ በር ከኬላ ይብሳል፣ እትዬ» አለቻት አንድ ጠዋት ዓባይነሽ የምትባል በርበሬ ነጋዴ፤ ልጇን እያስታጠበች። «ከቡሬ በርበሬ ጭኜ ስመጣ እንኳ እንዲህ አልተፈተሽኩም።»

«በርበሬሽ ሌላውን ያስነጥሳል እንጂ ራሱን አያስነጥሰውም» አለቻት ቻይነሽ። «ልጅሽን ወዲህ በይ፤ አፍንጫውን ልየው።»

ከእናቶቹ ሁሉ ለቻይነሽ የምትቀርባት ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው አቻምየለሽ ነበረች። የአቻምየለሽን ትንሿን ልጅ ቤቴልን ክርስትና ያነሳቻት ቻይነሽ ናት፤ ስለዚህ «አበልጄ» ነው የሚባባሉት። በበዓል አንዷ ሌላዋን ሳትጠራ አትበላም። ቤቴል ሌሎቹ ልጆች ሄደው እንኳ እስኪመሽ የክርስትና እናቷ ጉልበት ላይ ትቀመጣለች።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሠርክአዲስ ወደ ቻይነሽ ቤት መጣች። በዙሪያው ገጠር ኩፍኝ መነሳቱን ነገረቻት። ኩፍኝ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት፣ ልጁ ጉንፋን የያዘው ሲመስል ጀምሮ ይተላለፋል አለች። ክትባት የወሰደም ቢሆን አልፎ አልፎ ሊይዘው ይችላል። ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ገና አልተከተበምና ሌላ መጠበቂያ የለውም፤ በሽታው ያለበት ቤት ልጅ እንዳይቀርበው ማድረግ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ቻይነሽ ቤት ዘጠኝ ወር ያልሞላት ሕፃን አንዲት ብቻ ነበረች፤ የማሚቱ ልጅ ውዳሴ። ማሚቱ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ቀን መጥታ አጥብታ ትመለሳለች። የቀረውን ጊዜ ሕፃኗ ከአያቷ ጀርባ አትወርድም።

ቻይነሽ ነገሩን ለእናቶቹ በር ላይ ብትነግራቸው እንደማይበቃ ገብቷታል። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» ሲባል ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ የአገሩ ልማድ ነው። የልጅ ሕመምን በስሙ መጥራት ደግሞ ያብሰዋል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ስለዚህ ወርኃዊው የኪዳነ ምሕረት ማኅበር እስኪደርስ ጠበቀች። ማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ እነዚያው እናቶች ናቸው፤ ተራውም የእሷ ነበር። ካህኑ ባርከው ጽዋው ሊዞር ሲል ተነሳች።

«ጠዋት ጠዋት የምጠይቃችሁ የሰላምታ አይደለም» አለች። «በቤታችሁ ሕመም ገብቶ ከሆነ ንገሩኝ፤ ልጃችሁንም እስኪያልፍ አታምጡብኝ። የጎረቤታችሁንም ከሰማችሁ ንገሩኝ። ይህን ጽዋ የምትጠጣ ሁሉ ይህን ቃል ትግባልኝ።»

ሁሉም ቃል ገብተው ጠጡ። ከሁሉ ቀድማ ጽዋውን የተቀበለች አቻምየለሽ ናት። «አበልጄ፣ የእርስዎ ልጅ የእኛም አይደለች?» አለቻት፤ ውዳሴን ከጀርባዋ ላይ ተቀብላ እየሳመች።

ብዙም ሳይቆይ የልጆቹ ቁጥር እየቀነሰ መጣ። ዓባይነሽ «አያቱ ናፍቃው ቡሬ ልኬዋለሁ» አለች። ሌላዋ ልጇን እህቷ ልትጠብቅላት እንደመጣች ተናገረች። ሦስተኛዋ ምክንያትም አልሰጠች፤ ቀረች። ቻይነሽ ማታ አጥር ላይ ስታገኘኝ «አያ ዳኘው፣ ምን አስቀየምኳቸው?» አለችኝ። «ኬላው በዝቶባቸው ይሆናል» ብዬ ቀለድኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አቻምየለሽ ግን አልቀረችም። ጠዋት ጠዋት ቤቴልን ይዛ ትመጣለች። «በቤታችሁ ሕመም አለ?» ስትባል «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። አንድ ቀን ቻይነሽ የልጅቷን ዓይን መቅላት አይታ ጠየቀች። «ምች ነው፤ ትናንት ፀሐይ ላይ ነበረች» አለቻት። አበልጇ ናት፣ ጽዋውን የጠጣች ናት፤ አመነቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከደንቧ ወጥታ የተቀበለቻት ልጅ ያቺ ናት። ቤቴል ያን ቀን ከውዳሴ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ተኛች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቴልን ትኩሳቱ ጠበሳት። ቻይነሽ ከጆሮዋ ጀርባ ብታይ ሽፍታው ወጥቷል። የቀሩትን ልጆች ለእኔና ለባለቤቴ ትታ፣ ቤቴልን ታቅፋ ወደ አቻምየለሽ ቤት ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። በሩ ላይ ነጠላ ተጋርዶበታል። በእኛ አገር ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከፀሐይና ከጠረን ይከለላል፤ በቀን የተጋረደ በር ያየ ሰው ምን እንዳለ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም።

አቻምየለሽ ድምፅ ሰምታ ወጣች። የሆነውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ከሁለቱም አፍ ነው።

«ከውስጥ ያለው ማን ነው?» አለቻት ቻይነሽ።

«ዘሩ ነው።» ዘሩ ትልቁ ልጇ ነው፤ ለጥምቀት ገጠር አያቶቹ ዘንድ ሄዶ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማኅበሩ ማግስት።»

«ጠዋት ጠዋት ስጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

አቻምየለሽ አለቀሰች። «አበልጄ፣ ቤቴልን ቤት ባስቀራት ከወንድሟ ይይዛታል ብዬ እኮ ነው። ከእርስዎ ቤት የተሻለ ንጹሕ የት አለ? እዚያ ከዋለች ትተርፋለች ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ቻይነሽ ልጅቷን አስታቀፈቻትና መለስ ብላ መንደሩን አየች። ከአቻምየለሽ በር ፊት ለፊት ያለው የዓባይነሽ በር ነው። ከዚያ ቀጥሎ እህቴ ትጠብቅልኛለች ያለችው፣ ከዚያ ቀጥሎ ሦስተኛዋ። ነጠላው የተጋረደው በእነሱ ዓይን ሥር ነው። ልጆቻቸውን ያወጡት ለምን እንደሆነ እዚያ ቆማ ገባት።

ዓባይነሽ የመንደሩ ሴቶች የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ነበረች። በዚያው ሳምንት ሠርክአዲስ «በቡድንሽ የታመመ ልጅ አለ?» ስትላት «የለም» ብላ ነበር። የሰው ገመና አላወጣም ብላ ነው አሉ። ለዘሩ ቅቤ ይዛ ጠይቃዋለች፤ ልጇንም ቡሬ ልካዋለች። ለቻይነሽ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ውዳሴ ታመመች። ቻይነሽ ያን ጊዜ ቤቷን ዘጋች። ሕፃኗ ሳንባዋ ተያዘ፤ ሆስፒታል ገባች። ማሚቱና እናቷ እየተፈራረቁ አስታመሟት። ለጥየቃ ስሄድ ቻይነሽ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን በእጇ እያዳመጠች አገኛታለሁ። ስለ ሰዎቹ ምንም አትልም። አንድ ጊዜ ብቻ «ብትሞትብኝ ቀብሯ ላይ ማን ይቆማል? እነዚያው ናቸው እኮ እድርተኞቼ» አለችኝ።

ውዳሴ አልሞተችም። ትንፋሿ ተመለሰላት፤ መጥባት ጀመረች። ቀኝ ዓይኗ ላይ ግን ነጭ ደመና ቀረ፤ በዚያ ዓይን አታይም። ቤቴል በቶሎ ዳነች፤ ምንም አልቀረባትም።

ለእርቅ ከተላኩት ሽማግሎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ካህኑም አብረውን ነበሩ። አቻምየለሽ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች፤ ከኋላዋ ዓባይነሽና ሌሎቹ ማኅበርተኞች ቆመዋል። ቻይነሽ ውዳሴን አዝላ ወጣች።

«ድንጋዩን አውርጂው» አለቻት። «ገበያ ላይ የምትሸከሚው አይበቃሽም? ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። ቤቴልም ልጄ ናት፤ ስትፈልግ ትምጣ።»

ካህኑ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሊባርኩ እጃቸውን ሲያነሱ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ አንድ ነገር አልጨረስኩም» አለቻቸው። ከኋላ ወደ ቆሙት ዞረች።

«ዓባይነሽ፣ የአያቱ ናፍቆት ወጣለት?»

ዓባይነሽ መሬት መሬት አየች። «እትዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ? የታመመው የእኔ ልጅ አይደለም። እኔ ወደ ቤትዎ በሽታ አላመጣሁም።»

«አላመጣሽም። እያየሽው አሳለፍሽው እንጂ።»

«የሰው ገመና እንዴት ላውጣ? ነውር አይደል?»

«ለእኔ መንገሩ ነውር ነው። ልጅሽን ማሸሹ ግን ነውር አልነበረም።»

እኛ ሽማግሎች ለማስታረቅ ያዘጋጀነው ቃል ሁሉ ለአቻምየለሽ ነበር። ቻይነሽ ለካህኑ እጅ ነስታ፣ «እነሱንም ይቅር ብያለሁ፤ በሞትና በኀዘን አልቀርም። ጽዋ ግን ከእነሱ ጋር አልጠጣም። ልጅም ከእንግዲህ አልቀበልም» አለች። ካህኑ ለመኗት፤ እኔም ለመንኳት። አልተመለሰችም። በዚያው ሳምንት የማኅበሩን ጽዋ በጨርቅ ጠቅልላ ለቀጣዩ ባለተራ ላከች።

ጀሪካኑ ከበሩ ወረደ። ገበያ ላይ ልጆች እንደገና ፀሐይ ላይ መዋል ጀመሩ። በኋላ የመንደሩ ሰው የሕፃናት ማቆያ ቢጤ ለማቋቋም አስቦ እሷ እንድትመራው ሽማግሌ ላከባት። እንዴት እጅ እንደሚያስታጥቡ፣ የትኛው ልጅ መመለስ እንዳለበት ለተቀጠሩት ወጣቶች ሁሉን ሳትደብቅ አሳየቻቸው። ራሷ ግን አልገባችም። የሽሮና የበርበሬ ዱቄት እያዘጋጀች ለሆቴሎች ትሰጣለች፤ ኑሮዋ አልጎደለም። ውዳሴ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ከፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው።

አምና አንድ እሑድ ከቅዳሴ አብረን ስንመለስ ጠየቅኋት። «ያን ሁሉ ልጅ ስትጠብቂ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ምን ነበር? ሳሙናው ነው፣ ኩባያው ነው?»

እንዲህ አለችኝ።

«ሳሙናውንማ ማንም ያደርገዋል፣ አያ ዳኘው። አቻምየለሽ ጨንቋት ዋሸች፤ እናት ናት፣ ይገባኛል። የእነዚያ ነው ከሆዴ ያልወጣው። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ከቤቴ ሲያወጡ እኔ በር ላይ ቆሜ ፀጉራቸውን እየዳሰስኩ ‹አያትህን ሰላም በልልኝ› እያልኩ እሸኝ ነበር። ውዳሴ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ያዩዋታል። አንዷ እንኳ ‹እትዬ፣ ቤቴልን ዛሬ አይቀበሏት› ብትለኝ ምን ነበረበት? የሚበልጠው ያ ነበር። ለራሷ ልጅ የጠቀማትን ወሬ ለእኔም ልጅ ብታካፍለኝ። ቤቱን ደግፎ የሚያቆመው እሱ ነበር፤ እኔ ሳሙናው መስሎኝ ኖሯል።»